ሌንስ የነካ ሽፋሽፍት

«ይሄ እኮ የሌንስ ችግር አይደለም፤ የሴትዮዋ ሽፋሽፍት ነው። ምን ያለ ሽፋሽፍት ነው በናትሽ!»

ባሌ ይህን ያለው ከጓዳው ሆኖ፣ በመስኮቷ በኩል ነው። እኔ ደግሞ የደንበኛ መነጽር በእጄ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። 

የደነቀኝ ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ቤታችንን ልንገራችሁ። መነጽር ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የእኔ ነው። ፍሬሞቹ የተደረደሩበት ባለ መስታወት መደርደሪያ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር፣ የእጅ መስታወትና ማስመሪያ እዚያ አሉ። ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ለፊቱ የሚሆን ፍሬም እመርጣለሁ፣ የዓይኑን ልክ እለካለሁ፣ ከዚያ በመሃላችን ባለችው ጠባብ መስኮት ወደ ጓዳ አቀብላለሁ። ጓዳው የእሱ ነው። ሌንስ የሚሞርደው ማሽን እዚያ ሲጮህ ይውላል፤ እሱም ሽርጡን ታጥቆ ከጠዋት እስከ ማታ ከማሽኑ ጋር ነው። ሰው ያፍራል። ደንበኛ ፊት ከሚቆም ጥርሱን ቢነቅሉት ይመርጣል።

ሥራው እንከን የለውም፤ አፉ ግን ተቆልፏል። ከተጋባን ጀምሮ ስለ ፊቴ፣ ስለ ፀጉሬ፣ ስለ ልብሴ አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም። አዲስ ቀሚስ ለብሼ ፊቱ ብሽከረከር «ምሳ ደረሰ?» ይለኛል። ተፈጥሮው ነው ብዬ ትቼው ነበር። አንዳንዱ ሰው ማመስገን አልተፈጠረለትም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ይኸው ተፈጥሮለታል! ለሰው ሴት። ያውም «በናትሽ» እያለ።

ሴትዮዋ የሙዚቃ አስተማሪ ናት። መለል ያለች፣ አንገቷ የሚያምር፣ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ። ቅርብ ያለው ነገር ስለማይታያት ኖታ ማንበብ አቅቷት ነው እኛ ጋ የመጣችው። መነጽሩን ሠርተን ሰጠናት፤ ብዙም ሳትቆይ ይዛው ተመለሰች።

«እህቴ፣ ጠዋት እጠርገዋለሁ፤ ተማሪዎቼ ፊት ስቀመጥ ግን ጭጋግ ለብሶ አገኘዋለሁ» አለችኝ።

ሌንሱን ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት። ከውስጥ በኩል ቀጫጭን የቅባት ጭረቶች ተሰልፈውበታል። ዓይኗን ባርገበገበች ቁጥር ሽፋሽፍቷ ሌንሱን ይጠርጋል ማለት ነው። ለባሌ አቀበልኩት፤ ፍሬሙን ነካክቶ መለሰው። ያው ሆነ፤ እንደገና መጣች። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ሽፋሽፍቷን ያደነቀው።

ከመስኮቷ ዞሬ ሴትዮዋን አየኋት። እስከዚያ ድረስ ደንበኛ ነበረች፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌላ ነገር ሆነች። መነጽሯን መልሳ አድርጋለች። ከሌንሱ ጀርባ ያለው ሽፋሽፍት፣ ዓይኔ ላፈር ይሁን፣ እውነትም ጉድ ነው። ረጅም ነው፣ ወፍራም ነው፣ አንድ ባንድ ይቆጠራል። ዓይኗም ትልቅ፣ ኩልል ያለ። ማስካራ ይሆናል ብዬ ሌንሱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ፈለግኩ፤ የለም። የተለጠፈ ይሆናል ብዬ ሥሩን አየሁ፤ የማጣበቂያ ምልክት የለበትም። የራሷ ነው። ይሄ ነው አንጀቴን ያሳረረው። ገዝታው ቢሆን ኖሮ እኔም እገዛው ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ የደንበኛውን የእጅ መስታወት አንስቼ ራሴን አየሁ። የእኔ ዓይን ሩቅ የማያይ ዓይን ነው፤ ያውም ክፉኛ። እንደ እኔ ላለው ሰው የሚሠራው ሌንስ ጠርዙ ወፍራም ነው፣ ዓይንን ያሳንሳል። መስታወቱ ውስጥ ሁለት የሽንብራ ፍሬዎች አፍጥጠው አዩኝ። ዙሪያቸው ሽፋሽፍት ይኑር አይኑር ለማወቅ አጉሊ መነጽር ያስፈልግ ነበር። መስታወቱን በፊቱ ደፋሁት።

በነጋታው ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ለባሌ ጥዬ (ሰው ከመጣ ደወሉን ሰምተህ ውጣ አልኩት፤ ፊቱ አመድ መሰለ) ወደ ታናሽ እህቱ ሄድኩ። ፀጉር ቤት አላት። ቤተሰቡ ራዲዮ ነው የሚላት፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። ወንድምየው ያልተናገረውን ሁሉ እሷ የምትናገርለት ይመስለኛል።

«እትዬ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

«ሽፋሽፍት ፈልጌ ነው።»

«ለማን?»

«ለራሴ ነዋ! ለጎረቤት ልወስድ ኖሯል?»

ሳቋን ለቀቀችው። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና መነጽሬን አውልቃ ፊቴን ወደ መብራት አዞረችው። «እንግዲህ ስሚኝ» አለች፤ ድሮም የፈራሁት ይህንን ነው። «ቤቴ ስለመጣሽ አልዋሽሽም። የጉሎ ዘይት አለ። ማታ ማታ ቀብተሽ ትተኛለሽ። አሳደገልኝ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ትራስ ሲያበላሽ እንጂ ሽፋሽፍት ሲያሳድግ አላየሁም።»

«ሌላስ?»

«ሴረም የሚሉት አለ። ሥሩ ላይ ነው የሚቀባው፤ ለአንዳንዱ ይሠራል። ግን ወራት ይፈልጋል፤ ያቆምሽ ቀንም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ዓይኑ የሚቀላበት ሰውም አይቻለሁ። አንቺ ደግሞ ዓይንሽ ስስ ነው፤ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቂ ነው የምልሽ።»

ወራት! በልቤ፣ እስከዚያ ሴትዮዋ ባሌን ጠቅልላ ትወስደዋለች አልኩ። «ሌላ» አልኳት።

«ፐርም አለ። የራስሽን ሽፋሽፍት ወደ ላይ ያጥፈዋል፤ ቀለምም ይነከራል። ምንም አይጨምርም፤ ያለሽን ነው የሚያሳየው።»

«ያለኝ ምን አለና ነው የሚያሳየው?»

ራዲዮ ጎንበስ ብላ አየችኝ። «አይ እትዬ፣ አለሽ እኮ። ጫፉ ሳሳ ስላለ ነው እንጂ አጭር አይደለም። እኔ ብሆን ይህንን ነው የማደርግልሽ፤ ተነስተሽ መሄድ ነው።»

አላመንኳት። ሰው ሲቀና የሚያጽናናውን ሁሉ ውሸታም ነው የሚያደርገው። እንዲያውም ያዘነችልኝ መሰለኝና ይባስ ተናደድኩ።

«የሚለጠፈውስ? ባንድ ጊዜ ልጥፍ የሚደረገው?»

«እሱ ለፎቶ ነው። ለጥፈሽው ትወጫለሽ፣ ስትገቢ ታወልቂዋለሽ። በመሃል ካስነጠሰሽ ሾርባሽ ውስጥ ታገኚዋለሽ።» ከዚያ መሳቢያዋን ከፈተች። ትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ ጥቁር ክሮች በየርዝመታቸው ተደርድረዋል። «ኤክስቴንሽን ደግሞ ይሄውልሽ። በራስሽ ሽፋሽፍት ላይ አንድ ባንድ በወረንጦ ይተከላል። ሳምንታት ይቆይልሻል፤ ሲረግፍ ደግሞ አንድ ባንድ ይረግፋል። ዓይን ማሸት የለም፣ ቅባት ማስነካት የለም። መነጽር የሚያደርግ ሰው ከወሰደ አጭሩን ነው የሚወስደው። ረጅሙ ሌንስ ይመታል። መቼም ይሄን ለአንቺ እኔ አልነግርሽም።»

«ረጅሙን።»

«እትዬ፣ ሌንስ ይመታል እያልኩሽ ነው።»

«ሰማሁሽ። ረጅሙን አልኩ!»

ምን ትበል? ተከለችልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሌንስ እንዲመታ ነው የፈለግኩት። ሌላ ሴት ሽፋሽፍቷን የምታስረዝመው ሰው አይቶ እንዲያደንቅ ነው። የእኔ ባል ግን ፊት አያይም፤ ሌንስ ነው የሚያየው። ሁልጊዜ ጠዋት ሱቁን ሳንከፍት መነጽሬን ከአፍንጫዬ ላይ ወስዶ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ይመልስልኛል። ሲያጥብ የእኔም ጭረት እንደዚያች ሴት ጭረት ተሰልፎ እንዲያገኘው፣ «ምን ያለ ሽፋሽፍት ነው በናትሽ» እንዲለኝ ፈለግኩ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ዓይኔን ጨፍኜ ተጋድሜ እያለ ራዲዮ ከላይ ሆና ወሬዋን ታወርድብኛለች። ከወረንጦው ጋር አፏም አይቆምም።

«ወንድሜ አድርጊ አለሽ እንዴ?»

«ወንድምሽ ምን አፍ አለውና ነው አድርጊ የሚለኝ!»

«አይ፣ እሱ! ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር። የወደዳት ነገር ካለች ማንም እንዳያይበት አልጋ ሥር ነው የሚደብቃት። አንዴ የኔን ቀይ ኳስ ደብቆ ስንፈልግ ከርመን፣ ለካ ማታ ማታ እያወጣ ያያት ኖሯል። አትነቃነቂ እትዬ፣ ግራው ገና ነው።»

የኳሱን ወሬ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት። እኔ ያን ጊዜ ስለ አስተማሪዋ ነበር የማስበው።

ያን ቀን ተመልሼ ሱቅ ስገባ ባሌ ደንበኛ እንዳይመጣበት ፈርቶ ላቡን እየጠረገ ነበር። አየኝ። ቢያንስ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ «ምሳ በላሽ?» አለና ወደ ጓዳው ገባ። እኔ ዓይኔን እያርገበገብኩ ደጃፉ ላይ ቀረሁ። ባርገበገብኩ ቁጥር ሽፋሽፍቱ ከውስጥ ሌንሱን ቸብ፣ ቸብ ያደርገዋል። መነጽሬ ራሱ ወደ ፊት እየተገፋ አፍንጫዬ ላይ ይንሸራተታል። ዓለም በሙሉ በቅባት ጭረት ውስጥ ታየኝ።

በማግሥቱ ጠዋት እንደ ልማዱ መነጽሬን ወሰደ። ከኋላው ቆምኩ። ወደ ብርሃን ያዘው፤ ረጅም ጊዜ አየው። አሁን ይናገራል አልኩ። አጠበው፣ አደረቀው፣ ጓዳ ይዞት ገብቶ ጥቂት ቆየና መለሰልኝ። አንዲት ቃል አልወጣችውም። በጨርቁ እጁን ጠርጎ ማሽኑን አስነሳ። እዚያው ቆሜ ማልቀስ ቃጣኝ። ለእሷ ሲሆን ከነ «በናትሽ»ው፤ ለእኔ ሲሆን ዝም።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድ እንግዳ ነገር ተጀመረ። ባሌ ከጓዳ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ካቻቢቴ ጠፋኝ ብሎ ወጣ፤ ካቻቢቴው ከሽርጡ ኪስ ውስጥ ይታያል። ሌላ ቀን መጥረጊያ ይዞ የተጠረገ ወለል ጠረገ። አንድ ጊዜማ ደንበኛ እያለ መደርደሪያው አጠገብ ቆሞ ፍሬም መወልወል ያዘ፤ ደንበኛው ሰላም ሲለው ደነገጠና ፍሬሙን ጣለው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዓይኑ ወደ በሩ ነው።

ማንን እንደሚጠብቅ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልገኝም ነበር። አስተማሪዋን ነዋ! ስንት ዓመት ከጓዳ ያልወጣ ሰው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እኔው ፊት ቆሞ የሰው ሴት ይጠብቃል። ጥርሴን ነከስኩ። ትምጣልህ፣ እኔም እዚሁ ነኝ አልኩ በሆዴ።

በመሃል አንድ ከሰዓት ፍሬም አከፋፋዩ መጣ። ሻንጣውን ይዞ በየመነጽር ቤቱ የሚዞር፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው፤ ላገኛት ሴት ሁሉ እመቤቴ የሚል። ሻንጣውን ከፍቶ አዳዲስ ፍሬሞቹን እያሳየኝ ድንገት ቀና አለ።

«እመቤቴ! ዓይንሽን ምን አደረግሽው? ኧረ ሰው ትጨርሻለሽ!»

ደስ አላለኝም አልልም። ይሄን ቃል ስጠብቀው ነበር፤ ከማይሆን አፍ ወጣ እንጂ። ሳቅ አልኩ። ወዲያው ከኋላዬ አንድ ነገር ጓ አለ። ባሌ መስኮቷ ሥር ካቻቢቴውን ጥሎ እያነሳ ነው። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። አስተማሪዋ የመጣች መስሎት ወጥቶ ስላጣት ነው አልኩና ይባስ ነደድኩ።

አንድ ነገር ብቻ ቀለለኝ። ሽፋሽፍቴ ሌንሱን መምታቱን ተወ። ለመደ መሰለኝ። ግን መስታወት ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ከድሮውም ያነሰ ይመስለኝ ጀመር። ሽፋሽፍቱ ሲረዝም ዓይኑ የተዋጠ ነው የሚመስለው። የሽንብራ ፍሬዎቹ ወደ ምስር እየወረዱ ነበር። ይሄንንም በአስተማሪዋ አሳበብኩ፤ ያኔ ዝናብ ባይዘንብም በእሷ ነበር የማሳብበው።

በመጨረሻ መጣች። ያው ቀስ ያለ ድምፅ፣ ያው አንገት።

«እህቴ፣ አስቸገርኳችሁ» አለች። «አሁንም ያው ነው። ካልሆነ ሌላ ቦታ ልሞክር ወይ ብዬ ነው።»

ሂጂልኝ ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት፤ ሥራ ሥራ ነው። «ይቀመጡ» አልኳት፣ «ልኩን እንደገና ልውሰድ። መነጽሩን ያውልቁት።» የእኔም መነጽር ወደ ታች ስለተንሸራተተ አወለቅኩና ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። ያለ መነጽር ሩቁ ሁሉ ለእኔ ጭጋግ ነው። ስንዝር ርቀት ላይ ያለውን ግን ጉንዳን ስታዛጋ አያለሁ። ማስመሪያዬን ይዤ ፊቷ ድረስ ጎንበስ አልኩ።

አየሁ። እንደገና አየሁ።

ሽፋሽፍቷ የታለ?

አለ። እንደማንኛችንም ሽፋሽፍት ነው። እንዲያውም በግራዋ በኩል ሳሳ ያለ ቦታ አለው። ዓይኗም ደህና ዓይን ነው፣ የደከመ፣ ሥሩ ትንሽ ያበጠ፣ ከእኔ የማይበልጥ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የእሷን መነጽር አንስቼ በጣቴ ዳሰስኩት። መሃሉ ወፍራም ነው። ቅርብ ለማያይ ሰው የሚሠራ ሌንስ መሃሉ ይወፍራል፣ ከጀርባው ያለውንም ነገር ያጎላል። ይሄን ለስንቱ ደንበኛ ስንቴ ተናግሬያለሁ! «አይዞዎት፣ ዓይንዎ ተልቆ ይታያል፣ የሌንሱ ባሕርይ ነው» እላለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ በአጉሊ መካከል የምኖር ሴት በአጉሊ ቀናሁ። ያውም ባሌ በሞረደው አጉሊ።

ግን ጭረቱስ? ጭረቱ እውነት ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይሄ አጭር ሽፋሽፍት እንዴት አድርጎ ሌንስ ይደርሳል? ሌንሱን ገለበጥኩና ጥፍሬን ከውስጥ በኩል አስኬድኩት። ጎድጎድ ማለት ሲገባው ለጥ ያለ ነው። ውስጡ ጠፍጣፋ ከሆነ የማንም ሽፋሽፍት ይነካዋል። የሕፃን ሽፋሽፍት ቢሆን ይነካዋል።

«አንተ!» አልኩ ወደ መስኮቷ። «ውጣ!»

ማሽኑ ቆመ። ወጣ። ሽርጡ ላይ እጁን እየጠረገ፣ አስተማሪዋን በሩቁ እጅ ነሳና ወለሉን ማየት ጀመረ። እንደማያውቃት ሰው ነበር ያያት። በእጁ አዲስ የተሞረደ ሌንስ ይዟል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት፤ ድምፁ አይሰማም። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የፊተኛው ጠፍጣፋ ነበር። ጎበጥ ያለውን አዝዤ ሠርቼልዎታለሁ። አሁን አይነካዎትም።»

እዚያው ቆሞ ገጠመላት። አደረገችው፣ ዓይኗን አርገበገበች፣ ፈገግ አለች። ሌንሱ እንደ ጠራ ቀረ። አመስግናን ስትወጣ ያ ሽፋሽፍት እንደገና ተልቆ ተከትሏት ወጣ። አሁን ግን ምንም አላለኝም።

በሩ እንደተዘጋ ዞርኩበት። «ሽፋሽፍቷስ?»

«የምን ሽፋሽፍት?»

«‹ምን ያለ ሽፋሽፍት ነው በናትሽ› ያልከዋ!»

ጆሮው ድረስ ቀላ። «ሴትዮዋን እኮ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ያኔ እጄ ላይ የነበረው ጠፍጣፋው ሌንስ ነበር። ሌላ ማዘዝ ነበረብኝ፤ ቸኮልኩ። ስትመልሽልኝ ሥራዬ ተበላሸ ብዬ ልነግርሽ አፈርኩ። ሽፋሽፍቷ ነው ብል ቀለለኝ።»

ወይ ጉድ! ሳምንታት ሙሉ ዓይኔ ላይ ተክዬ የዞርኩት የሰው ሰበብ ነበር። ልጮህበት አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ» አለ። ካቻቢቴውን በእጁ ያሽከረክራል። «ለማን ነው?»

«ምኑ?»

«እሱ።» በካቻቢቴው ወደ ዓይኔ ጠቆመ። «በመጀመሪያው ጠዋት ነው ያየሁት፣ መነጽርሽን ሳጥብ። ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ። አልነገርሽኝም። ለእኔ ቢሆን ትነግሪኝ ነበር አልኩ። ከዚያ ለማን እንደሆነ ለማየት ብወጣ... ያ ባለ ሽቶ መጣ። ሳቅሽለት።»

ካቻቢቴ ፍለጋው፣ መጥረጊያው፣ በር በር ማየቱ፣ ሁሉም ባንዴ መጥቶ ፊቴ ላይ ተደረደረ። እኔ በአንዱ ክፍል፣ እሱ በሌላው ክፍል፣ በመሃላችን አንዲት መስኮት ይዘን ለየብቻችን ስንቃጠል ከርመናል። ላንተ ነው ማለት ነበረብኝ። ግን ተናድጄ ስለነበር «ለዚያ ለጠፍጣፋ ሌንስህ ነው!» አልኩት። ገባው። ትከሻው ሲወርድ አየሁ።

መነጽሬን ላደርግ ከጠረጴዛው አነሳሁት። ያን ጊዜ ነው አፍንጫ ላይ የሚያርፉትን ሁለት ላስቲኮች ያየሁት። ወደ ፊቴ በኩል ወጥተዋል። መነጽሩ ከፊቴ ርቆ እንዲቆም በፒንሳ ተጎትተዋል።

«ይሄን ማን አደረገው?»

«እኔ። ያኔውኑ ጠዋት። ሽፋሽፍትሽ እንዳይመታብሽ ብዬ።»

ሌላ ሴት ብትሆን ታመሰግነው ነበር። እኔ ግን ሥራዬን አውቃለሁ። የእኔ ዓይነቱ ሌንስ ከዓይን በራቀ ቁጥር ዓይንን የባሰ ያሳንሰዋል። ይሄን እሱም ያውቃል፤ እንዲያውም እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ሽንብራው ለምን ምስር እንደሆነ አሁን ገባኝ።

«እውነቱን ተናገር» አልኩት። «ሽፋሽፍቴ እንዳይመታ ነው ወይስ ዓይኔ እንዲያንስ?»

ካቻቢቴውን ማሽከርከሩን ተወ። በመስኮቷ በኩል የማሽኑ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«ዓይንሽ ትልቅ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ለካቻቢቴው እንደሚናገር ሁሉ ወደ እሱ እያየ። «ሌንሱ ነው የሚያሳንሰው። ቤት ገብተሽ ስታወልቂው እኔ ብቻ ነኝ የማየው። እንደዚያ መሆኑን... እወደዋለሁ።»

ከዚያ ሌላ ቃል እንዳያመልጠው የፈራ ይመስል ወደ ጓዳው ገባና ማሽኑን አስነሳ። የሚሞረድ ምንም ሌንስ እንደሌለው አውቃለሁ። ባዶውን ነበር የሚያስጮኸው። ራዲዮ አልጋ ሥር ስለተደበቀው ቀይ ኳስ ያወራችው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ደስ አለኝ? አዎ፣ እስከ እግር ጥፍሬ። ተናደድኩ? እሱም እስከ እግር ጥፍሬ ነው። ስንት ዓመት አንዲት ቃል ጠምቶኝ ሳለ ቃሉ እጁ ላይ ነበር፤ ለራሱ ደብቆ ማታ ማታ ብቻውን ያየው ነበር።

በማግሥቱ ራዲዮ ጋ ሄጄ አስነቀልኩት። በፈሳሽ አላልታ አንድ ባንድ አነሳችልኝ፤ አፏም አላረፈም። «ያኔ ፐርም ይሻልሻል ብዬሽ ነበር እትዬ፤ ማን ሰምቶኝ!» አለች። «አድርጊልኝ» አልኳት። የራሴን ሽፋሽፍት ወደ ላይ አጠፈችልኝ፣ ቀለም ነከረችው። ያለኝ ታየ። ብዙ አይደለም፣ ግን ሌንስ አይነካም።

ሱቅ ስመለስ ከባሌ መሣሪያ ውስጥ ትንሿን ፒንሳ አነሳሁ። ሁለቱን ላስቲኮች ወደ ነበሩበት መለስኳቸው። ከዚያ ትንሽ አሰብኩና ከነበሩበትም አሳልፌ፣ መነጽሩ ዓይኔን ሊነካ እስኪደርስ አቀረብኩት። ለደንበኛ እንደዚያ አድርጌ አላውቅም። በእጅ መስታወቱ ራሴን አየሁ። አስተማሪዋን አላህልም፤ ግን ሽንብራ አይደለሁም። ባሌ በመስኮቷ ያያል። ማሽኑ አልጮኸም።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። ሽቶው ቀድሞ ገባ።

«እመቤቴ!» አለ አከፋፋዩ ሻንጣውን ሳያሳርፍ። «ዛሬ ደግሞ ዓይንሽን ምን አደረግሽው?»

ከኋላዬ ባሌ የመስኮቷን መዝጊያ ወለል አድርጎ ሲከፍት ሰማሁ። ዘወር አላልኩም። መነጽሬን በጣቴ አንዴ ወደ ውስጥ ገፋ አደረግኩና «አዲስ ፍሬም ምን ይዘህልኛል?» አልኩት።